የድኃ ቁጠባ ወለድ ለምን ይገበራል?

ባለፈው ክረምት ከመካከላችን አንዱ ለዕረፍት ወደ አገሩ ወደ ላይ ጋይንት በሄደ ጊዜ አክስቱን ተከትሎ ነፋስ መውጫ ከሚገኝ አንድ ባንክ ቤት ገብቶ ነበር። አክስቱ ማንበብ አይችሉም። የቁጠባ ደብተራቸውን ለሠራተኛዋ ሰጡ፤ እርስዋም በማተሚያው አሳልፋ መለሰችላቸው። ወለዱ ገብቷል፤ ከወለዱ ሥር ግን የመቀነስ ምልክት ያለባት አንዲት ትንሽ ቁጥር ነበረች። ልጁ ሲያነብላቸው፥ «ይህችን ደግሞ ማን ወሰዳት?» አሉት።

«ግብር ናት፥ እትዬ።»

«የመሬቱን ከፍያለሁ እኮ! ይኸኛው የምን ነው?»

ልጁ ሁለት ዓመት ሙሉ ኤኮኖሚክስ የተማረ ነው። ነገር ግን ለአክስቱ የሚሆን መልስ አላገኘም።

ወደ ትምህርት ተመልሶ ይህን ባጫወተን ጊዜ አንዳንዶቻችን ሳቅን፤ የተቆረጠችው ገንዘብ ከአንድ ምሳ ዋጋ የማትበልጥ ነበረችና። ኋላ ግን ሕጉን አውጥተን ብናነበው ሳቁ ቀረ። የአክስትየው ጥያቄ ቀላል ጥያቄ አለመሆኑን፥ እንዲያውም ከኛ መካከል አጥጋቢ መልስ የሚሰጥ አለመገኘቱን ስለ ተረዳን ይህን ጽሑፍ ለጓደኞቻችን ለማቅረብ ተነሣን። ጽሑፉ የተጻፈው የጋይንትን፥ የስማዳንና የእስቴን ባላገር እያሰብን ነው፤ የምናውቀው እርሱን ነውና። ነገሩ ግን በወሎም ሆነ በወላይታ ያው እንደ ሆነ አንባቢ ይረዳዋል።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 የሰውን ገቢ በሠንጠረዥ በሠንጠረዥ ይለየዋል። ሠንጠረዥ «ሀ» ደመወዝ ነው፤ «ለ» ኪራይ ነው፤ «ሐ» ንግድ ነው። ሠንጠረዥ «መ» ደግሞ ከሦስቱ የተረፈውን ልዩ ልዩ ገቢ የሚሰበስብ ሲሆን፥ የቁጠባ ወለድና የአክሲዮን ትርፍ ድርሻም የሚገኙት እዚሁ ውስጥ ነው። አዋጁ ሲወጣ ደመወዝተኛው በየወሩ የመጀመሪያውን 600 ብር ያለ ግብር ይወስድ ነበር፤ ይህም በዓመት 7,200 ብር መሆኑ ነው። ቤት አከራዩም ግለሰብ ከሆነ በዓመት የመጀመሪያው 7,200 ብር ይታለፍለት ነበር። ግለሰብ ነጋዴውም እንዲሁ። ቆጣቢው ግን ከመጀመሪያዋ ሳንቲም ጀምሮ ከወለዱ 5 በመቶ፥ ባለ አክሲዮኑም ከትርፍ ድርሻው 10 በመቶ እንዲቆረጥበት ተደነገገ። «ሀ»ም «ለ»ም «ሐ»ም ወለል ተሠርቶላቸው ሳለ «መ» ብቻ ያለ ወለል ቀረ። ነገሩ በዚያ ዘመን አልተጀመረም፤ ከርሱ በፊት የነበረው የ1994 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 286ም ለደመወዝተኛው በወር 150 ብር ሲያልፍለት ለቆጣቢው ያለፈለት ነገር አልነበረም።

በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1395 ሕጉ ሲሻሻል የደመወዝተኛው ወለል ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ተጻፈ፤ «ከኑሮው ውድነት ጋር ሲተያይ እጅግ አነሰ» ተብሎም ብዙ ተባለ፤ እኛም አነሰ ከሚሉት ወገን ነን። ደመወዝተኛው የሠራተኛ ማኅበራት አለው፤ የመምህራን ማኅበር አለው፤ በጋዜጣ የሚጮኽለት አለው። ስለ ቆጣቢው የመጀመሪያ ብር ግን አንድ ቃል የተናገረ ሰው አልሰማንም። የግብሩ መጣኝ በየጊዜው ከፍ ሊልም ዝቅ ሊልም ይችላል፤ የኛ ክርክር ግን ስለ መጣኙ ሳይሆን ግብሩ ከየት ላይ መጀመር እንዳለበት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ይህ ግብር በሕጉ ቋንቋ «የመጨረሻ ግብር» የሚባለው ነው። ባንኩ ከምንጩ ቆርጦ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ያስገባል፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩ ያለቀ ነው። ማንም ሰው ባለ ደብተሩን «የዓመት ገቢህ ስንት ነው? ስንት ነፍስ ታስተዳድራለህ?» ብሎ አይጠይቀውም። ለአሠራር መቅለሉ አይካድም። ድኃ ነኝ ብሎ ቀርቦ የተቆረጠበትን የሚያስመልስበት በር ግን የለውም።

እስቲ አንዲት የስማዳ ሴት በሐሳባችን እናቁም። ባልዋ የሞተባት፥ ከሦስት ልጆች ጋር የምትኖር፥ መሬቷን በእኩል የምታሳርስ ሴት ናት እንበል። በጎችና የባሕር ዛፍ አጣና ሸጣ ለልጅዋ ትምህርት 10,000 ብር ወገዳ ከተማ ባንክ አስገባች። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. የቁጠባ ወለድን ዝቅተኛ መጠን ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎት ስለ ነበር በዓመቱ 700 ብር ወለድ ታገኛለች። ከዚህ 5 በመቶው ማለት 35 ብር ይቆረጣል። 665 ብር ቀረላት። እስከዚህ ድረስ ማንም የሚያለቅስበት ነገር የለም።

ነገር ግን ሴትዮዋ ገንዘቡን ያስቀመጠችው በ2014 ዓ.ም. ከሆነ በዚያ ዓመት የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ዝቅ አድርገን 30 በመቶ ብለን ብናሰላው እንኳ፥ በዓመቱ መጀመሪያ በ10,000 ብር ይገዛ የነበረውን እህል በዓመቱ መጨረሻ ለመግዛት 13,000 ብር ያስፈልጋታል። በእጅዋ ያለው 10,665 ብር ብቻ ነው። እንግዲህ 2,335 ብር ጎደላት ማለት ነው። ጎድሎባትም ሳለ «አተረፍሽ» ተብላ 35 ብር ተገበረች። እኛ የምንለው እዚህ ላይ ነው። በ2008ቱ አዋጅ ነጋዴ ከሰረ ከተባለ በኪሳራው አይገበርም ነበር፤ የሚገበረው በትርፉ ነበር። ቆጣቢዋ ግን በኪሳራዋ ትገበራለች። ከተቆረጠባት 35 ብር ይልቅ የሚያሳዝነው ይህ ነው።

«የዋጋውን ንረት ግብሩ አላመጣውም» የሚለን ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ አላመጣውም። ይሁን እንጂ የወለዱ አብዛኛው ክፍል ትርፍ ሳይሆን ብሩ ለተበላበት ማካካሻ፥ ያውም ያልሞላ ማካካሻ መሆኑን ሕግ አውጪው ሊያውቀው ይገባል። ከግብር ነፃ የሆነ ወለል አንዱ ጥቅሙ ይህን ስሕተት ቢያንስ ከታናናሾቹ ትከሻ ላይ ማንሣቱ ነው።

ወደ አገራችን ልማድ እንመለስ። በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ገንዘብ የሚቀመጥበት ቦታ ባንክ አልነበረም። ከጉና ግርጌ ያለው ደገኛ ገብሱንና ድንቹን ሸጦ በግ ይገዛበታል፤ በግ የሚወልድ ገንዘብ ነው። በእስቴ በኩል ደጃቸውን በባሕር ዛፍ ያልከበቡ ቤቶች ጥቂቶች ናቸው፤ ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ተመልሶ የሚያቆጠቁጥ ደብተር ነው። ከዚያ ቀጥሎ እቁብ አለ፤ ወለድ የሌለው፥ ግን ቃል የታሰረበት። በበሽሎና በዓባይ ሸለቆ ቆላ ያለው ደግሞ ፍየል ያረባል። ባላገሩን «ኋላ ቀር ስለ ሆነ ባንክ አያውቅም» እያልን የምንተቸው እኛ ከተሜዎች፥ በእርሱ ቦታ ብንሆን ከዚህ የተለየ ነገር ማድረጋችን ያጠራጥራል። በግ 7 በመቶ ብቻ አትወልድም፤ የዋጋው ንረትም ከርስዋ ጋር አብሮ ያድጋል።

ባንኩ ወደ ባላገሩ የመጣው በቅርቡ ነው። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፥ ማለት አብቁተ፥ በ1980ዎቹ መጨረሻ ተቋቁሞ በየወረዳው ቅርንጫፍ እየከፈተ ለብዙው ባላገር የመጀመሪያውን ደብተር አስያዘው። እ.ኤ.አ. በ2022 ጸደይ ባንክ ሆነ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲ ኔት ፕሮግራም ላይ ጋይንትን፥ ታች ጋይንትንና ስማዳን የያዘ ነው። በዚህ ፕሮግራም የታቀፈው ሕዝብ «ቆጥቡ፥ ጥሪት ያዙ፥ ከርዳታ ውጡ» እየተባለ ሲመከር ኖሯል። ምክሩ መልካም ነው። ነገር ግን ከርዳታ የተገኘ ገንዘብ ግብር የማይነካው ሲሆን፥ ያንኑ ገንዘብ ከአፏ ከልክላ ብታስቀምጠው የሚወለደው ይገበራል። መንግሥት በአንድ እጁ ቆጥቢ ብሎ ደብተር ይሰጣታል፤ በሌላው ስለ ቆጠበች ይቆነጥራታል።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ የሆነውን ሁላችንም የምናስታውሰው ነው። በቤት የተቀመጠ ገንዘብና በደጅ የታሠረ ከብት የተዘረፈበት ሰው ብዙ ነው። ሰው ላይ የደረሰው ግፍ ከዚህ ጽሑፍ በላይ ስለ ሆነ እንለፈው፤ በንብረት ረገድ ግን በባንክ ያለ ገንዘብ ከቤት ገንዘብ ይልቅ እንደሚድን ያን ጊዜ ብዙ ሰው ተማረ። እንግዲህ ባላገሩ በዚህ ዓይነት መከራ ወደ ባንክ ፊቱን ባዞረበት ዘመን፥ ሕጉ ቢያንስ በመግቢያው ላይ ባይቆነጥረው ምን ነበረበት?

አሁን ደግሞ ወደ ሌላኛው ጫፍ እንሂድ፤ ጉዳዩ በይበልጥ የሚታየው ከዚያ ነውና። አዲስ አበባ ውስጥ 50 ሚሊዮን ብር በባንክ ያለው ሰው በዚያው በ7 በመቶ ብናሰላለት በዓመት 3 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር ወለድ ያገኛል። (እንዲህ ያለው ሰው ገንዘቡን በጊዜ ገደብ አስቀምጦ ከባንኩ ሥራ አስኪያጅ ጋር በወለዱ ላይ ይደራደራል፤ የስማዳዋ ሴት ከማን ጋር ትደራደር? ይህን ግን እንተወው።) በ2008ቱ አዋጅ መጣኝ የሚቆረጥበት 5 በመቶ ማለት 175,000 ብር ነው። ይህንኑ 3 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር አንድ ሐኪም ወይም መሐንዲስ በደመወዝ ቢያገኘው ኖሮ በዚያው አዋጅ ሠንጠረዥ «ሀ» ከ1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር በላይ ግብር ይከፍል ነበር። ሠርቶ ላገኘው 35 በመቶ፥ ተኝቶ ለወለደለት 5 በመቶ! ስለዚህ «5 በመቶ ለሁሉም እኩል ነው» የሚለው አባባል እኩልነት አይደለም። ለድኃዋ ከመጀመሪያዋ ሳንቲም ስለሚጀምር ከባድ ነው፤ ለባለ ሚሊዮኑ ደግሞ ምንም ያህል ከፍ ቢል የማይጨምር ስለ ሆነ ቀላል ነው። ከታች ያለ ወለል፥ ከላይ ያለ ደረጃ፤ እንዲህ ያለው ሥርዓት ከዚህ በቀር ምን ይባላል?

እዚህ ላይ ለጓደኞቻችን አንድ ነገር እንናዘዝ። ይህን ጽሑፍ ስንጀምር አሳባችን «የቁጠባ ግብር ጨርሶ ይነሣ» የሚል ነበር። ሒሳቡን ከሠራነው በኋላ ግን ሐሳባችንን ለወጥን። ግብሩ ጨርሶ ቢነሣ የስማዳዋ ሴት 35 ብር ስታተርፍ ባለ 50 ሚሊዮኑ 175,000 ብር ያተርፋል። ለድኃ እንጮኻለን ብለን ለሀብታም መጮኻችን ነበር። የሚያስፈልገው ማንሣት ሳይሆን ወለል ማበጀት ነው።

ስለ ትርፍ ድርሻ በአጭሩ እንናገር። ብዙዎቻችን አክሲዮን የሚለውን ቃል ስንሰማ የሚታየን የአዲስ አበባ ነጋዴ ነው። ነገር ግን የኅብረት ሥራ ማኅበር አባል የሆነው የእስቴ ገበሬም የትርፍ ድርሻ ይቀበላል። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 ማኅበሩን ራሱን ከገቢ ግብር ነፃ ሲያደርገው፥ አባሉ በሚደርሰው የትርፍ ድርሻ ላይ ግብር እንዲከፍል አድርጓል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲያቀርብ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፥ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን ማለት 9,900 ብር እንዲሆን ተደርጎ በቴሌብር ይሸጥ ነበር። በጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፈተ። አስተማሪውም፥ ነርሱም፥ የወረዳ ጸሐፊውም ባለ አክሲዮን የሚሆንበት ዘመን መጣ ማለት ነው። የኩባንያው ትርፍ ግን ወደ ባለ አክሲዮኑ ከመድረሱ በፊት አንድ ጊዜ ተገብሯል። በ2008ቱ አዋጅ ሒሳብ፥ ከ100 ብር ትርፍ ኩባንያው 30 ብር ይገብራል፤ የቀረው 70 ብር ቢከፋፈል 7 ብር እንደገና ይቆረጣል፤ 63 ብር ለባለ አክሲዮኑ ይደርሳል። ባለ 33 አክሲዮኑ አስተማሪና ባለ ሚሊዮን ብር አክሲዮኑ ባለጠጋ በዚህ በኩል አንድ ናቸው። ስለዚህ ወለሉ ሲበጅ ወለድንና የትርፍ ድርሻን አንድ ላይ ደምሮ እንዲይዝ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ብልኁ ሰው ከአንዱ ወደ አንዱ እየተሻገረ ሁለት ወለል ይወስዳል።

ይህ ሐሳብ ከሰማይ የወረደ አይደለም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ መካከለኛ ገቢ ላለው ሰው በዓመት 1,000 ፓውንድ የቁጠባ ወለድ ያለ ግብር ፈቅደዋል፤ ከፍ ያለ ገቢ ላለው 500 ፓውንድ፤ በመጨረሻው የግብር ደረጃ ላለው ባለጠጋ ግን ምንም። ይኸኛውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ለትርፍ ድርሻም በዚያው ዓመት 5,000 ፓውንድ ፈቅደው ነበር፤ ነገር ግን በ2018 ወደ 2,000፥ በ2023 ወደ 1,000፥ በ2024 ደግሞ ወደ 500 አወረዱት። ጀርመኖች በበኩላቸው ለአንድ ሰው 801 ዩሮ የነበረውን በ2023 ወደ 1,000 ዩሮ ከፍ አድርገውታል፤ ይህም ወለድንና የትርፍ ድርሻን አንድ ላይ የሚይዝ ነው። አሠራራቸውም ቀላል ነው። ቆጣቢው አንድ ቅጽ ሞልቶ ለባንኩ ይሰጣል፤ ባንኩም እስከዚያ መጠን ድረስ አይቆርጥበትም። ሁለት ባንክ ቤት ገንዘብ ያለው ሰው መጠኑን ለሁለቱ ያካፍላል። ከእንግሊዞቹ ታሪክ ደግሞ የምንማረው ወለል አንድ ጊዜ ከተበጀ በኋላ ጠባቂ ካላገኘ እንደሚሸረፍ ነው። የኛም የ600 ብር ወለል አልተሸረፈም፤ ብሩ ራሱ በሥሩ ስለ ቀለጠ ግን ከ2008 እስከ 2017 ዓ.ም. ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እየሰመጠ ኖሯል።

እንግዲህ የምንጠይቀው ምን ያህል ነው? ትልቅ ነገር አንጠይቅም። ሕጉ ራሱ በ2008 ዓ.ም. ለቤት አከራዩና ለነጋዴው ያወቀለት ቁጥር አለ፤ በዓመት 7,200 ብር። ለቆጣቢውም ይኸው ይሁንለት። በ7 በመቶ ወለድ ይህን የሚያህል ገቢ የሚያገኝ ሰው በባንክ ወደ 103,000 ብር ያህል ያለው ሰው ነው። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ነፃ ይሆናል ማለት ነው። በ5 በመቶ ሒሳብ መንግሥት ከአንድ ሰው የሚያጣው ቢበዛ 360 ብር ነው። ይህ ለግምጃ ቤቱ ከበዛበት ከባለ 50 ሚሊዮኑ ላይ መጣኙን በደረጃ ከፍ አድርጎ ይተካው። ከርሱ አንዱ ላይ 5 በመቶው 10 በመቶ ቢሆን የሚገኘው ተጨማሪ 175,000 ብር፥ ሙሉ 360 ብር የቀረላቸውን ከ480 በላይ ቆጣቢዎች ይሸፍናል። እንደ ስማዳዋ ሴት 35 ብር ብቻ የሚቆረጥባቸውን ደግሞ 5,000 ሰዎች።

የሚነሡትን ተቃውሞዎች እናውቃቸዋለን። አንደኛው «35 ብር ምን ቁም ነገር ናት?» የሚል ነው። ለርስዋ ቁም ነገር ካልሆነች ለግምጃ ቤቱም አትሁን። ሁለተኛው «ሀብታሙ ገንዘቡን በልጆቹና በዘመዶቹ ስም ከፋፍሎ ብዙ ወለል ይወስዳል» የሚል ነው። ይህ ተገቢ ፍርሃት ነው። ቢሆንም ዛሬ የፋይዳ መታወቂያ ቁጥር አለ፤ ለአንድ ቁጥር አንድ ወለል ቢባል በየባንኩ ያለውን መከታተል ይቻላል፤ ዘመድን መጠቀም ግን ጨርሶ አይቀርም፤ በየትም አገር አልቀረም።

ሦስተኛውን ተቃውሞ ያነሣው ራሱ ከኛ መካከል የስማዳ ልጅ የሆነው ጓደኛችን ነው። እንዲህ አለን፤ «የመጨረሻው ድኃ ደብተር የለውም። እናንተ የምትከራከሩት ከድኃ ሻል ላለው ነው። በኔ ቀበሌ ካሉት ስንቱ ነው 10,000 ብር ያለው?» ለዚህ የሚሆን ሙሉ መልስ የለንም፤ እውነቱን ነው። ደብተር የሌለውን ሰው የወለድ ወለል አይጠቅመውም። ልንለው የምንችለው፥ ሰው ከድኅነት የሚወጣው ዘልሎ ሳይሆን በዚያች ደረጃ ላይ እግሩን አሳርፎ ነው፤ 10,000 ብር የያዘች ሴት ዛሬ ሻል ያለች ብትሆንም አንድ ክፉ ዓመት ከመጣ ነገ ከሴፍቲ ኔቱ መዝገብ ላይ የምትመለስ ናት። በጋይንትና በስማዳ ክፉ ዓመት ምን እንደ ሆነ የ1977ትን ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

ከሁሉ ይልቅ እኛን ያስጨነቀን የዚህ ግብር ዝምታ ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ ከዓባይ ማዶ የጎጃም ገበሬ ተነሣ። ለምን እንደ ተነሣ መምህራኖቻችን በብዙ መልክ ያስተምሩናል፤ መሬቱ ይለካል የሚል ፍርሃትም ነበረበት። ሆኖም ገማቹ በእግሩ መጥቶ ነበር፤ ገበሬውም ፊት ለፊት አይቶት «አይሆንም» ብሎታል፤ መንግሥትም በመጨረሻ አዋጁን በጎጃም ሊያስፈጽመው አልቻለም። በእስቴና በስማዳ ከዓባይ ወዲህ ሆነው ይህን የሰሙ ሽማግሌዎች ዛሬም ያወሩታል። የዛሬው የወለድ ግብር ግን ገማች የለውም። የሚቆርጠው ኮምፒዩተር ነው። በደብተሩ ላይ ከአንዲት ቁጥር በቀር የሚታይ ነገር የለም፤ ቁጥሯንም ማንበብ የማይችል ሰው አያያትም። ያላየውን ሰው እንዴት ይጠይቃል? በምክር ቤት ያሉት ተወካዮቹስ መራጩ ያላነሣውን ለምን ያነሡታል?

ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበራችን የምናቀርበው ጥያቄ ሁለት ነው። ማኅበሩ በሕግና በኤኮኖሚክስ ክፍል ያሉትን ተማሪዎች አስተባብሮ ስለዚህ ወለል አንድ አጭር ጽሑፍ አዘጋጅቶ ለገንዘብ ሚኒስቴርና ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የበጀትና ፋይናንስ ኮሚቴ ይላክልን። እስከዚያው ደግሞ በመጪው ዕረፍት ወደየአገሩ የሚሄድ ሁሉ የእናቱን፥ የአክስቱን፥ የጎረቤቱን ደብተር ይዞ በአማርኛ ያንብብላቸው፤ ወለዱ ይህን ያህል፥ የተቆረጠው ይህን ያህል ብሎ ይንገራቸው፤ የሚሉትንም ጽፎ ያምጣልን። እኛ እዚህ ተቀምጠን ከምናሰላው ይልቅ የነርሱ ቃል ለጽሑፉ ይበጃል።

የነፋስ መውጫዋ አክስት ግን ይህን ሁሉ አልጠበቁም። በጥቅምት ከደብተራቸው ግማሹን አውጥተው አራት በግ ገዝተውበታል። ልጁ በስልክ ስለ ወለዱ ሊያስረዳቸው ሲጀምር፥ «በጎቹ ደኅና ናቸው» ብለው ወሬውን ለወጡበት።